73 ለ4
ክላርኔት መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ጎረቤቶቼ ብዙ ችለውኛል።

ሰሞኑን ሪዷን (ሲነፋ ተርገብግባ ድምፅ የምታወጣዋን ስስ የሸምበቆ ቁራጭ) አፌ ውስጥ እያራስኩ የምሰማው ክላርኔት ተጫዋቿን ሳቢነ ማየርን ነው። በ1959 (እ.ኤ.አ.) ክራይልስሃይም፣ ጀርመን ውስጥ ነው የተወለደችው። የኦርኬስትራ መሪው ካራያን ለበርሊን ፊልሃርሞኒክ ሲመርጣት ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበረች። ኦርኬስትራው ግን አልፈለጋትም። ድምፅ ተሰጠ፤ 73 ለ4 ተሸነፈች! «ድምጿ ከእኛ ጋር አይዋሃድም» ነበር ምክንያታቸው። ያኔ እዚያ መሃል ሴት ማየት ብርቅ ነበርና፣ ምክንያቱ ለእኔ አልተዋጠልኝም። ቢሆንም በሙከራ ዘጠኝ ወር ሠርታ ለቀቀች። ከዚያማ ብቻዋን እየተጫወተች ዓለምን ዞረች።

የሞዛርትን የክላርኔት ኮንቸርቶ (ለአንድ ብቸኛ ተጫዋችና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሙዚቃ) የተጫወተችው በባሴት ክላርኔት ነው። ከተለመደው ረዘም ይላል፣ ወደ ታችም ይወርዳል። ሞዛርት በሞተበት ዓመት፣ በ1791፣ ለወዳጁ አንቶን ሽታድለር ሲጽፈው ያሰበው እንዲህ ያለውን መሣሪያ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ዜማው ተመልሶ ሲመጣ ድምጿን ሹክሹክታ እስኪመስል ታወርደዋለች። አየሩ ግን አይቋረጥም። ትናንት ማታ እኔም ሞከርኩት።

ሲጥ! አለብኝ።