ከሽሮ ሜዳ እስከ ዶርዜ፦ የጓሮ ቀለም ፍለጋ

ጥር ላይ ወደ ደቡብ ስንወርድ ከልብሳችን ይልቅ ፈትላችን ይከብድ ነበር። እያንዳንዱ 100 ግራም የሚመዝን ስድስት እስር የጥጥ ፈትል፣ አንድ ኢናሜል ድስት፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ አሉም (ቀለምን ክር ላይ የሚያስይዝ ጨው)፣ የልብስ ሶዳ፣ ሎሚ፣ በወረቀት ከረጢት ደግሞ አዲስ አበባ ጓሮ ውስጥ የበቀለ የደረቀ የእሾሃሙ ሱፍ አበባ። መንገዱ በሻሸመኔ በኩል እስከ አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየደረስንበት ሰው ለድስቱ ብሎ በጓሮው ያበቀለው ነገር ለጨርቅም እንደሚሆንና እንደማይሆን እዚያው እሳት ላይ ጥደን ለማየት ነበር የወጣነው።

ፈትሉን የገዛነው ሽሮ ሜዳ ነው። ሸማኔው ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል ይወዳል፤ እኛም ከሁለቱም ወሰድን። የእጅ ፈትል ቀለም በደንብ ይጠጣል፤ ላላ ብሎ ስለተፈተለ ግን ድስት ውስጥ ይወሳሰባል። ልቃቂቱ ተፈትቶ በሰፊው እንደ ቀለበት መጠቅለልና አራት ቦታ ላይ ላላ ተደርጎ መታሰር አለበት። ማሰሪያው ከጠበቀ ከሥሩ ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ነጠላ ላይ ሲሸመን ደግሞ ያ ምልክት እንደ ጉድለት ይታያል።

ቀለም የሚበላሽበት ዋናው ቦታ ከቀለሙ ድስት በፊት ያለው ሥራ ነው፤ ይህን ሳንጨርስ ከቤት አልወጣንም። ጥጥ የራሱ ሰም አለው፤ ሰሙ ካልወጣ ቀለሙ ላይ ላዩን ተቀምጦ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል። ለ100 ግራም ፈትል 3 ሊትር ውሃ፣ 5 ግራም የልብስ ሶዳና ጥቂት ሳሙና አድርገን 1 ሰዓት አፈላነው። (የዳቦው ሶዳ ለዚህ ደካማ ነው።) ነጭ ከመሰለው ፈትል የወጣው ውሃ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ይደገማል። መጽዳቱን ለማወቅ የደረቀ ቁራጭ ክር ውሃ ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ ወዲያው ከሰጠመ ጸድቷል፣ ከተንሳፈፈ ሰሙ አልወጣም።

ቀጥሎ የሮማን ልጣጭ ይመጣል። አሉም የበግ ጠጉርን ብቻውን ይይዛል፤ ጥጥን ግን አጥብቆ አይዝም። ልጣጩ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ጥጡንም አሉሙንም ስለሚይዝ በመካከል ሆኖ ያገናኛቸዋል። 30 ግራም የደረቀ ልጣጭ 45 ደቂቃ አፍልቶ ማጥለል፣ ለእጅ እስኪመች ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ፈትሉን 2 ሰዓት መንከር። ከታኒኑ ሲወጣ ጨመቅ አድርጎ ወደ አሉሙ። 15 ግራም አሉም በሙቅ ውሃ ይሟሟል፤ 2 ግራም ሶዳ በሌላ ብርጭቆ ሟሙቶ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል። አረፋ ይነሳል፣ ይጠራል፤ ፈትሉ ገብቶ ያድራል። ሶዳው ከበዛ ወይም በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ውሃው እንደ ወተት ይሆንና አሉሙ ፈትሉ ላይ መቀመጡ ቀርቶ ድስቱ ሥር ይዘቅጣል። ለውሃ ማጣሪያ የሚሸጠውም አሉም ይሠራል፤ ቢጫ ወይም ቡናማ የነካው ከሆነ ግን ብረት ስላለበት ቀለሙን ያደበዝዛል። አምስቱን እስር እንዲህ አዘጋጀን፤ ስድስተኛውን አጽድተን ብቻ ተውነው። እሱ ለሱፍ አበባው ነው።

መቂና ባቱ የሽንኩርት አገር ናቸው። በመስኖ የተመረተው ሽንኩርት ተበጥሮ በሚጫንበት ቦታ ልጣጩ ነፋስ እየወሰደው ይከማቻል፤ አንድ ማዳበሪያ ለመሙላት ጎንበስ ማለት ይበቃል። ከቤት ወጥ የሚገኘው ልጣጭ ስለሚቀል ለ100 ግራም ፈትል የሚያስፈልገውን 50 ግራም ለማጠራቀም ሳምንታት ይፈልጋል። እየሰበሰቡ በወረቀት ከረጢት ማቆየት ነው፤ በፌስታል ከታሰረ ያምቅና ይሻግታል።

ድስቱን ባቱ ጣድን። ልጣጩ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲንተከተክ ውሃው ጥቁር ቀይ ይሆናል፤ ልጣጩን አውጥቶ ፈትሉን ማስገባትና 1 ሰዓት በዝግታ ማሞቅ ነው። ልጣጩ እዚያው ከቀረ የነካው ቦታ ይጠቁራል። የአዲስ አበባ ውሃ በዚሁ ልክ ጥርት ያለ ወርቃማ ብርቱካናማ ይሰጣል፤ የባቱው የጉድጓድ ውሃ ግን ወደ ቡናማ የሄደ ጠቆር ያለ ቀለም ሰጠን። ምክንያቱን የእርድ ወረቀቱ ነገረን። እርድ በአልኮል በጥብጦ ነጭ ወረቀት ነክሮ ማድረቅ ነው፤ ወረቀቱ ሶዳ የበዛበት ውሃ ሲነካው ከቢጫ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ቀዝቃዛው የባቱ ውሃ ወረቀቱን አልለወጠውም፤ ፈልቶ የቀዘቀዘው ለወጠው። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውሃ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት (ደካማው ሶዳ) ሲፈላ ወደ ጠንካራ ሶዳ ስለሚቀየር፣ ሲቀዳ ደህና የነበረ ውሃ ድስት ላይ ሌላ ይሆናል። መፍትሔው ሎሚ ነው፦ ውሃውን ብቻውን አፍልቶ፣ ፈትል ሳይገባበት፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ እስኪቀር ጠብ እያደረጉ መጭመቅ። ከዚያ ወዲያ ስንጓዝ አቢጃታ ሐይቅ ዳር ነጭ ሆኖ የታየን ያው ሶዳ ነው።

ሐላባ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ መንገዱ ዳር ቀልቷል። እጅና ነጠላ ሲያቀላ የሚያይ ሰው ያቀልማል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የበርበሬ ቅላት ግን የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም፤ ወጥ ላይ ቀይ ሆኖ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ድስት ውስጥ ቢፈላ ፈትሉ የሚያተርፈው ሽታ ነው። ቀይ ሥርም እንዲሁ ያታልላል፦ ከድስቱ ሲወጣ ያምራል፣ ሲታጠብ ይሄዳል፣ የቀረው ፀሐይ ላይ ወደ ገረጣ ቡናማ ይለወጣል። ሁለቱም ለገበታ ይሁኑ።

አርባ ምንጭ ሞቃት ናት፤ እርድ እንደ ልቡ የሚያድገው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ያረፍንበት ቤት ጓሮ ከሙዙ ጥላ ሥር ሁለት መደብ እርድ ነበር፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ቅጠል ሲተኛ ሥሩ ደርሷል ማለት ነው፤ ከተተከለ 8 ወይም 9 ወር። ለመትከል ሁለት ዓይን ያለው የጣት ያህል ቁራጭ ይመረጥና ዝናብ ሲጀምር 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ ይቀበራል፤ በቁራጮቹ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል። በማሰሮ የሚተክል 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅና ከሥሩ የተበሳ ይምረጥ፤ ውሃ የሚቋጥር አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው ማሰሮው ሌሊት ቤት ይግባ፣ ከወር በላይ ሳይበቅል ቢቆይም ተስፋ አይቆረጥ። ከሁሉ በላይ ግን ዝንጅብል ጠውልጎ በሞተበት አፈር አይተከል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደቡብ ላይ ዝንጅብልን የፈጀው የአጠውልግ በሽታ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ ከአንድ ጓሮ ወደ ሌላው የሚሻገረውም በተከላ ሥሩ ነው። ለወጥ የሚሆነው ሥር እስኪለሰልስ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል።

ለማቅለም ትኩሱም ይሆናል። 100 ግራም ትኩስ ሥር ተፈቅፍቆ ለ100 ግራም ፈትል ይበቃል፤ 40 ደቂቃ በዝግታ ማሞቅ፣ በጨርቅ ማጥለል፣ ፈትሉን ግማሽ ሰዓት መንከር። ውሃውን ከተማዋ ስሟን ካገኘችባቸው ምንጮች ቀዳን፤ የአባያ ውሃ ደለሉ ፈትል ላይ ስለሚቀመጥ አይወሰድም። የወጣው ቢጫ ዓይን ይስባል፤ አሉም ባይኖረው እንኳ እርድ ጥጥን ይይዛል። ፀሐይ ግን አይችልም። ከእስሩ ቆርጠን የመኪናው መስኮት ላይ ያሰርነው ክር ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ገርጥቷል። ለውስጥ ልብስ ወይም ለሳጥን ጨርቅ ካልሆነ በእርድ ብቻ የተቀለመ ነገር ለገዢ ባይሰጥ ደስ ይለናል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሙዙ ቀርቶ ቀርከሃና እንሰት ይመጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ጥር ላይ ሌሊቱ ይቆነጥጣል። እንሰቱ ቤቱን ከብቦ ቆሟል፤ ከሥሩ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም። ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ተጋግሮ ከዳጣና ከማር ጋር ቀረበ፤ ለቆጮው ሲፋቅ የተለየው ቃጫ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ።

ቸንቻ በአፕል የታወቀች ናት፤ ከዚያ የመጣ የተገረዘ ቅርንጫፍ ቅርፊቱን ልጠን 200 ግራም ለአንዱ እስር አደረግን። ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ያድራል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይሞቃል እንጂ አይንተከተክም፤ በኃይል ከፈላ ቡናማው ቢጫውን ይውጠዋል። ማር የመሰለ ቢጫ ሰጠን፣ የጉዟችን ምርጥ። ከእሱ ግማሹን ለይተን የዛገ ሚስማር ሁለት ሳምንት የተቀመጠበት ኮምጣጤ አንድ የቡና ሲኒ በ3 ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምረን 5 ደቂቃ ነከርነው፤ የወይራ ቅጠል መሰለ። ብረት ሲበዛ ጥጥን ያደርቃል፣ በዓመታት ውስጥም ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ ከሲኒው ባይታለፍ።

እንሶስላም ሞክረናል። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ሲደረግ የሚያወጣውን ቅላት ጥጥ ላይ አያወጣም፤ ኃይሉ ቆዳና ጥፍር፣ ቢበዛ የበግ ጠጉርና ሐር ላይ ነው።

የሱፉን ሥራ እዚህ ያመጣነው ለብርዱ ብለን ነው፤ የሱፍ ቀይ ሙቀት ያጠፋዋል። ዘሩን ሲገዙ ማስተዋል ያስፈልጋል፦ ገበያ ላይ የትልቁ ቢጫ አበባ ፍሬም ሱፍ ይባላል፣ ከእሱ ግን ቀይ አይገኝም። የሚፈለገው ለጾም የሱፍ ፍትፍት የሚሆነው ነጭ ፍሬ ያለው እሾሃሙ ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሳይወጣ፣ በዘሮቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ተትቶ ይዘራል፤ ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ ከችግኝ ማዛወር አይወድም። አበባው ቢጫ ሆኖ ይፈነዳና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለወጣል። የሚለቀመው ያን ጊዜ ነው፣ ማለዳ ጤዛው እሾሁን ሲያለሰልሰው። ፍሬው ያኔ ስለያዘ አበባውን መንቀል አይጎዳውም፤ ያው ተክል ቀለምም ፍትፍትም ይሰጣል። በጥላ ይደርቃል።

100 ግራም ደረቅ አበባ በጨርቅ ከረጢት አድርገን በቀዝቃዛ ውሃ አሸነው። መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ነው፤ ውሃው ሳይቀልም እስኪወጣ ድረስ እየቀየሩ ማሸት፣ ከቻሉም ማሳደር። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቢጫው ሳያልቅ የቸኮለ ሮዝ ሳይሆን የሳልሞን ቀለም ያገኛል። ከዚያ ከረጢቱ 15 ግራም ሶዳ የሟሟበት 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል። እጅ ጓንት ይልበስ። በማሸት ላይ ሳለ ውሃው የተፈላ ቡና ይመስላል፤ ቀዩ ያለው እዚያ ነው። ከ1 ሰዓት በላይ ግን አይቆይ፣ ሶዳው ቀዩን ይሰብረዋል። ከረጢቱን ጨምቆ ማውጣትና ሎሚ ማንጠባጠብ። ውሃው ይንፈቀፈቃል፣ ቡናማው ከጠርዙ ጀምሮ እየተገለበጠ ወደ ደማቅ ቀይ ይዞራል፣ አረፋው ራሱ ሮዝ ይሆናል። ያኔ አሉም ያልነካው ስድስተኛው እስር ገብቶ አደረ። ጥጥ ቀዩን መርጦ ስለሚወስድ የተረፈው ቢጫ ውሃው ውስጥ ቀረ፤ ጠዋት ያወጣነው የኮክ አበባ የመሰለ ሮዝ ነበር። በሎሚ ውሃ ተለቅልቆ ጥላ ላይ ተሰቀለ።

ፈትሎቹን ጎረቤት ላሉ ሽማግሌ ሸማኔ አሳየናቸው። ውበታቸውን አልጠየቁም። የነጭ ጨርቅ ጫፍ አርጥበው፣ ሳሙና ነክተው፣ እያንዳንዱን ክር በሁለት ጣት መካከል ጠበቅ አድርገው ሳቡት፤ ጥለት ቀለም ከለቀቀ ነጠላው በሙሉ ይበላሻላ። ሽንኩርቱ ጨርቁ ላይ ምንም አልተወም። አፕሉም፣ ብረት የነካውም አልለቀቁም። እርዱ ሳሙናው እንደነካው ቀይ ቡናማ ሆኖ ጨርቁን አቆሸሸው። ሮዙ ደግሞ ጣታቸው ላይ ገረጣ፤ ሶዳ ያወጣውን ሶዳ ያለበት ሳሙና መልሶ ይወስደዋል። ለእነዚህ ሁለቱ ከሳሙና ይልቅ እንዶድ ይሻላል ስንል አዎ አሉ፤ አጥር ላይ የሚንጠላጠል እንዶድ አረንጓዴ ፍሬው ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ተነክሮ ሸማ ይታጠብበታል። እጣቢው ግን ወንዝ ውስጥ አይደፋ፤ ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ ፍሬ ነው፣ ዓሣም ይገድላል።

ሽማግሌው እርዱን መለሱልን። ሮዙን ለብቻው አጥፈው ለሠርግ ነጠላ ይሆናል ብለው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። የአፕሉን ቢጫ ግን ወዲያው ጠቅልለው መወርወሪያቸው ውስጥ አስገቡና ለአንድ ነጠላ ጥለት ይህ አይበቃም፣ በሚቀጥለው ከአንድ ድስት የወጣ ይሁን፣ ሁለት ድስት አንድ ዓይነት አይሰጥም አሉን።