እዚያ ማን ማርያምን ይጠራላታል?

ጎጃም ውስጥ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ የተመደብኩት በ2004 ዓ.ም. ነው። የማዋለጃ ክፍላችን ንጹሕ፣ አልጋውም አዲስ ነበር። እናቶች ለቅድመ ወሊድ ክትትል ይመጣሉ። ምጥ ሲይዛቸው ግን የሉም። ነገሩ የእኛ ወረዳ ብቻ አልነበረም። በ2003ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ100 ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 10 ብቻ ነበሩ። በየወሩ ሪፖርታችን ላይ ምክንያቱን "የግንዛቤ እጥረት" እንለዋለን። እኔም በእጄ ጽፌዋለሁ።

አንድ ሌሊት፣ ክትትሏን አንድም ቀን ያላጓደለች እናት በቃሬዛ መጣች። ቤቷ ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው። እንደ ምንም ብለን ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ ተረፈች። እኔ ግን አማቷ ላይ ጮኽኩ። "ለምን ቀድማችሁ አላመጣችኋትም?" እማማ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ያ ዝምታ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ያን ሰሞን አንዲት የአንትሮፖሎጂ (የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠና ትምህርት) ተማሪ ለማስተርስ ጥናቷ መንደሩ ውስጥ ትኖር ነበር። መጠይቅ ይዛ አትዞርም። ቡና ላይ ትቀመጣለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ታዳምጣለች። "ነይ፣ እማማ ቤት እንሂድ" አለችኝ። ሄድን። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ እማማ ቀና አሉ።

"ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ሴት ብቻዋን ትገባለች። እኛን በሩ ላይ ትመልሱናላችሁ። እዚያ ማን ማርያምን ይጠራላታል?"

ከዚያ የጎረቤት ሴቶችም ተናገሩ። በጀርባ መተኛቱ፣ እርቃን ሆኖ ወንድ ፊት መቅረቡ፣ ብርዱ፣ ገንፎ የሚያገነፋ ሰው አለመኖሩ። አንዷ፣ "ቃሬዛ የሚወጣ ሕመምተኛ ነው፤ ምጥ ሕመም ነው እንዴ?" አለች። ደም እንደሚገድል ከእኔ በላይ ያውቁታል። እህቶቻቸውን በዚያ ቀብረዋል። የጎደለው የእነሱ ግንዛቤ አልነበረም፤ የእኛ ጥያቄ ነበር።

በ2007 ስለ ኢቦላ ሳነብ እማማ ትዝ አሉኝ። ጊኒ፣ ላይቤሪያና ሴራሊዮን ውስጥ ቤተሰብ ሳይሰናበት አስከሬን ሲወሰድበት፣ ሰው ሬሳ መደበቅ ጀመረ። የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎችና የሃይማኖት አባቶች ገብተውበት ነው ጸሎትና ስንብት ያለው፣ በሽታም የማያስተላልፍ አቀባበር የተዘጋጀው።

እኛም በሩን ከፈትን። አማት ወይም እናት አብራ ትገባለች። ግቢው ውስጥ አንዲት ጎጆ ሠርተን ገንፎና ቡና ጀመርን። የመጀመሪያዋ ወላድ ስትገላገል "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ሲባል ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ ጓንቴን ሳላወልቅ አለቀስኩ። ገንፎና ቡናው በሌሎች ብዙ ጤና ጣቢያዎችም ተለመደ። በ2008ቱ ጥናት ያ 10 ወደ 26 ደርሷል። በእርግጥ የአምቡላንሱና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ድካምም አለበት።

የእንግዴ ልጁ ነገር ግን አልተፈታም። እነሱ ደጃቸው መቅበር ይፈልጋሉ፤ እኛ ጤና ጣቢያው ጉድጓድ ውስጥ እንጥላለን። ባለፈው አንዲት እናት "ስጪኝ" ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ምን እንደምመልስላት አላወቅኩም። እማማን ላማክር ነው።