የወጪ ንግድ ስትራቴጂ ስናዘጋጅ ከየት እንጀምር?

የወጪ ንግድ ስትራቴጂ በሚረቀቅባቸው ስብሰባዎች ላይ በተለያዩ ጊዜያት ተገኝቻለሁ፤ አብዛኞቹም አጀማመራቸው አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ያለፈው ዓመት የወጪ ንግድ ገቢ ይቀርባል፤ በሁለተኛው ላይ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊደረስበት የታሰበው ገቢ ይቀመጣል፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማካፈል ብቻ ይሆናል፤ ለግብርናው ይህን ያህል፣ ለማዕድኑ ይህን ያህል፣ ለፋብሪካ ውጤቶች ይህን ያህል እየተባለ ቁጥሩ ይደለደላል። ያለፈው ዕቅድ የግቡን ግማሽ እንኳ ሳያሳካ ለምን እንደቀረ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ፣ «የዓለም ገበያ ዋጋ መቀነስ» እና «የቅንጅት ማነስ» የሚሉ ሁለት መልሶች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።

ግብ ማስቀመጥ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። እንደ ደቡብ ኮሪያ የወጪ ንግድ ግብን አክርራ የያዘች ሀገር ማግኘት ይከብዳል። በ1964 (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የዓመቱ የወጪ ንግዷ 100 ሚሊዮን ዶላር ሲሞላ ቀኑን «የኤክስፖርት ቀን» ብላ ሰየመችው፤ በ1977 ደግሞ 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰች። በዚያ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትልከው የነበረው መርከብና ሴሚኮንዳክተር ሳይሆን ኮምፔንሳቶ፣ ልብስና ከሰው ፀጉር የተሠራ ዊግ ነበር። ከሌሎች የተለየችው ግቡ ከተቀመጠ በኋላ በነበረው ሥራ ነው። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በየወሩ በሚገኙበት የኤክስፖርት ማስፋፊያ ስብሰባ ላይ ሚኒስትሮች ብቻ ሳይሆኑ ነጋዴዎችም ይቀመጡ ነበር፤ የአፈጻጸሙ ቁጥር ይነበባል፣ የጎደለው በምን ምክንያት እንደጎደለ ይጠየቃል፣ ምክንያቱ የአንድ መሥሪያ ቤት አሠራር ከሆነም የዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ እዚያው ተቀምጧል። ግቡ በየወሩ መልስ የሚፈለግበት ጥያቄ ነበር። በብዙ ሀገሮች ግን ግቡ የሚታወሰው የሚቀጥለው ስትራቴጂ ሲረቀቅ ነው።

የኮሪያን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰነዶች አዘውትረው የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ በዚያው በ1964 የገንዘቧ ተመን ከ130 ወደ 255 ዎን ለአንድ ዶላር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነበር። ከትክክለኛ ዋጋው በላይ ተሰቅሎ እንዲቆይ የተደረገ የምንዛሪ ተመን በላኪው ላይ ያለ አዋጅ የተጣለ ግብር ነው። ላኪው በዶላር የሸጠውን በመንግሥት ተመን ሲመነዝር ለሠራተኛ፣ ለመጓጓዣና ለጥሬ ዕቃ ያወጣውን የማይሸፍን ገንዘብ ይደርሰዋል፤ አስመጪው ግን ያንኑ ዶላር በርካሽ ያገኘዋል። ሁኔታው ሲብስ ነጋዴው ምርት የሚልከው ከምርቱ ለማትረፍ መሆኑ ይቀርና ለማስመጣት የሚያስፈልገውን ዶላር ለማግኘት ብቻ ይሆናል፤ ምርቱን በኪሳራ ሸጦ ኪሳራውን ከሚያስመጣው ዕቃ ላይ ያካክሳል። እንዲህ የሚሠራ ላኪ ለጥራት የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ይባስ ብሎም፣ ምርቱን አገር ውስጥ በውድ ገዝቶ ውጭ በርካሽ ስለሚሸጥ፣ ከምርቱ ትርፍ የሚጠብቀውን እውነተኛ ላኪ ከገበያ ያስወጣዋል።

ይህን ያህል ክብደት ያለው ጉዳይ በአብዛኞቹ የስትራቴጂ ሰነዶች ውስጥ «የተረጋጋ የማክሮ ኢኮኖሚ ሁኔታ እንዲኖር ይደረጋል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ረቂቁን የሚያዘጋጀው የንግድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ተመኑ ደግሞ የማዕከላዊ ባንኩ ሥልጣን ነው፤ በሰው ቤት ገብቶ ማዘዝ ነውር ስለሆነ ዝም ይባላል። እርግጥ ነው፣ ተመኑን ዝቅ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። የዋጋ ንረቱ ካልተያዘ የተገኘው ጥቅም በጥቂት ወራት ውስጥ ተበልቶ ያልቃል፤ ግብዓቱን ከውጭ የሚያስመጣ ፋብሪካም ወጪው አብሮ ይንርበታል።

ግብዓትን ካነሳሁ አይቀር ያየሁትን ልናገር። ጃኬት እየሰፋ ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ አንድ አምራች በአንድ ወቅት የአንዲት ትዕዛዝ ፋይል ከፍቶ አሳይቶኝ ነበር። ጨርቁ ከውጭ መጥቷል፣ ተቆርጧል፣ ተሰፍቷል፤ የቀረው ዚፑ ብቻ ነው። ዚፑ በሦስት ካርቶን ሆኖ አየር ማረፊያ ደርሷል፤ ሆኖም በኢንቮይሱ ላይ የተጻፈው የዕቃው ስም ከቀረጥ ነፃ ፈቃዱ ላይ ካለው ስም ጋር በአንድ ቃል ስለተለያየ አይለቀቅም። ፋይሉ ውስጥ ለሁለት መሥሪያ ቤቶች የተጻፉ ሰባት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ የመጨረሻው ከሁለተኛው መሥሪያ ቤት ተመርቶ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው የሄደ ነው። ዚፑ በ18ኛው ቀን ተለቀቀ። መርከቧ ግን ሄዳ ስለነበር ጃኬቶቹ በአውሮፕላን ተጫኑ፤ የአየር ጭነቱን ዋጋ በውሉ መሠረት የከፈለው አምራቹ ነው። ትርፉ በዚያው አለቀ፤ ገዢውም ለሚቀጥለው ወቅት ትዕዛዙን ወደ ሌላ ሀገር አዞረ። በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ይህ ሁሉ የሚታየው «የአልባሳት ዘርፍ ከዕቅድ በታች ፈጽሟል» በሚል መስመር ነው። በ98 ሀገሮች መረጃ ላይ የተመሠረተ አንድ የታወቀ ጥናት አንድ ዕቃ ከፋብሪካ በር ወጥቶ መርከብ ላይ እስኪጫን የምትጨመረው እያንዳንዷ ቀን ንግዱን ከአንድ በመቶ በላይ እንደምትቀንስ ያሳያል፤ የሰባቱን ደብዳቤዎች ፋይል ላየ ሰው ይህ የተጋነነ አይመስለውም።

ባንግላዴሽ ይህን ችግር ያቃለለችው ለንግግር በማይመቹ ሁለት የወረቀት አሠራሮች ነው። አንደኛው የቦንድድ መጋዘን ነው፤ አምራቹ ግብዓቱን ቀረጥ ሳይከፍል አስገብቶ ጉምሩክ በሚቆጣጠረው መጋዘን ያስቀምጣል፣ ሒሳቡም ያለቀለት ልብስ ከሀገር ሲወጣ ይወራረዳል። ሁለተኛው፣ የውጭ ገዢው የከፈተለትን ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) እንደ ዋስትና አስይዞ ለጨርቅና ለክር ግዢ ሌላ ኤልሲ እንዲከፈትለት መፍቀድ ነው፤ በዚህም የራሱ ካፒታል የሌለው ሰው ትዕዛዝ ከያዘ መሥራት ቻለ። ዕውቀቱ ደግሞ የመጣው በሌላ በኩል ነው። በ1978 ዴሽ ጋርመንትስ የተባለው ድርጅት ከኮሪያው ዴዉ ኩባንያ ጋር ተስማማ፤ ከዚያም 130 ሠራተኞቹን ለሥልጠና ወደ ኮሪያ ላከ፤ ከተመለሱ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ድርጅቱን ለቀው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም በሌሎች አዳዲስ ፋብሪካዎች ገቡ። ለዴሽ ጉዳት ነበር፤ ለሀገሪቱ ግን አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ የተዘራበት ዘር ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰነዶች እንደ እምነት የያዙትን አንድ ሐሳብ መጠየቅ እፈልጋለሁ። «በራሳችን ጥሬ ዕቃ ላይ እሴት እንጨምር» የሚለው አባባል ለጆሮ ደስ ይላል፤ ስለዚህ ጥጥ ያለው ልብስ፣ ከብት ያለው ጫማ እንዲያመርት ይታቀዳል። ባንግላዴሽ ግን ለፋብሪካዎቿ የሚያስፈልጋትን ጥጥ ከሞላ ጎደል በሙሉ የምታስገባው ከውጭ ነው። ኮሪያም ለኮምፔንሳቶው የምትጠቀምበትን ግንድ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ታስመጣ ነበር። ጥሬ ዕቃው አገር ውስጥ መኖሩ ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ግብዓትን ከየትም አምጥቶ በቀጠሮው ቀን ማስረከብ መቻል ነው። ጥሬውን ምርት ወደ ውጭ እንዳይወጣ በመከልከል ፋብሪካ ማቋቋም ይቻላል ብለው የሚያምኑም አሉ። ክልከላው በመጀመሪያ የሚያደርገው የጥሬ ዕቃውን የአገር ውስጥ ዋጋ መጣል ነው፤ ዋጋው የወደቀበት አምራች ደግሞ ለጥራት መድከሙን ይተዋል ወይም ምርቱ በድንበር ተደብቆ ይወጣል፤ ተጠቃሚ ይሆናል የተባለው ፋብሪካም ጥራቱ የወረደ ግብዓት ይዞ ይቀራል።

ዘርፍ መምረጥ የስትራቴጂው ከባዱ ክፍል ነው፤ ምክንያቱ የመረጃ እጥረት ብቻ ሳይሆን ያልተመረጠው የሚቀየም መሆኑ ነው። በዚህም የተነሳ 12 ወይም 15 «ቅድሚያ የሚሰጣቸው ዘርፎች» ተዘርዝረው አያለሁ፤ ለሁሉም የተሰጠ ቅድሚያ ለማንም አልተሰጠም። ለመሆኑ የቺሊን ሳልሞን የትኛው የዘርፍ መረጣ ሠንጠረዥ ይገምተው ነበር? ሳልሞን የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዓሣ እንጂ የቺሊ ተወላጅ አይደለም። በ1976 የቺሊ መንግሥትና አይቲቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጋራ ያቋቋሙት ፋውንዴሽን ቺሊ ሥልጠና በመስጠትና ጥናት በማሳተም ብቻ ሳይወሰን በ1980ዎቹ ራሱ የሳልሞን እርባታ ድርጅት ይዞ አሠራሩ ትርፍ እንደሚያስገኝ በተግባር አሳየ፤ ካሳየም በኋላ ድርጅቱን በ1988 ለአንድ የጃፓን ኩባንያ ሸጦ ወጣ። ሌሎች ባለሀብቶች ተከተሉ፤ ቺሊም ከኖርዌይ ቀጥላ የዓለም ሁለተኛዋ የእርባታ ሳልሞን አምራች ሆነች። አዲስ ምርት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ኪሳራውን ብቻውን ይሸከማል፣ ከተሳካለት ግን ጎረቤቱ በነፃ ይቀዳዋል፤ በዚህ ምክንያት ማንም ቀድሞ መሞከር አይፈልግም፤ የመንግሥት ገንዘብ በሚገባ የሚውለውም እዚህች የመጀመሪያዋ ሙከራ ላይ ነው። ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ኢንዱስትሪው ከቁጥጥሩ ፈጥኖ ስላደገ ማርቢያዎቹ ተጨናንቀው በ2007 የተነሳው የዓሣ ቫይረስ የአትላንቲክ ሳልሞን ምርቱን ክፉኛ ጣለው፤ የእርባታ ሕጉ ጥብቅ የሆነውም ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ቁጥጥር ካነሳን፣ የአውሮፓ ኅብረት በ1997 በማቀነባበሪያዎቹ ንጽሕና ምክንያት የባንግላዴሽን ሽሪምፕ ለወራት አግዶ ነበር። እገዳው ንጹሕና ቆሻሻ ፋብሪካን አልለየም፤ የሀገሪቱን ምርት በሙሉ ነው የመለሰው። ስለሆነም ዕውቅና ያለው ቤተ ሙከራ፣ የሠለጠነ መርማሪና ተቀባይነት ያለው የምስክር ወረቀት በዓባሪ የሚገቡ ጉዳዮች ሳይሆኑ ለፋብሪካ የሚመደበውን ያህል በጀት የሚገባቸው ናቸው። የገበያ ዕድሎችን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። አሜሪካ የአፍሪካ ሀገሮችን ምርት ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት በ2000 ያወጣችው የአጎአ ሕግም ሆነ አውሮፓ በ2001 የጀመረው ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም ከቀረጥ ነፃ የማስገባት ዕድል ሰጪው በፈለገ ጊዜ የሚነሳ ነው። ማዳጋስካር ከ2009ኙ የመንግሥት ግልበጣ በኋላ በ2010 መጀመሪያ ላይ ከአጎአ ስትወጣ የልብስ ፋብሪካዎች ተዘግተው ሠራተኞች ተበተኑ፤ ዕድሉም የተመለሰላት በ2014 ነው። ዕድሉን መጠቀም ተገቢ ነው፤ ፋብሪካው ያለ እሱ ሊወዳደር የሚችልበትን ቀን ሳያቅዱ መጠቀም ግን አደጋ አለው። የኮሪያን መሣሪያዎች እንዳሉ ለመቅዳት የሚያስብም፣ ከ1995 ወዲህ በዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ መሠረት በኤክስፖርት መጠን ላይ የተመሠረተ ድጎማ ከአነስተኛ ገቢ ሀገሮች በስተቀር ለአባላት የተከለከለ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ለግብዓት የተከፈለ ቀረጥን መመለስ ግን ከተከፈለው እስካልበለጠ ድረስ የተፈቀደ ነው።

እኔ ስትራቴጂ ጻፍ ብባል በመጀመሪያው ገጽ የማስቀምጠው የገቢ ግብ ሳይሆን አሁን እየላኩ ካሉ አምራቾች የሃያውን የአንድ ትዕዛዝ ጉዞ ነው፤ ዕቃው የት ስንት ቀን ቆመ፣ በየትኛው ፊርማ፣ በየትኛው መመሪያ። የአፈጻጸም መለኪያውም እነዚህ ቀኖች ምን ያህል እንዳጠሩ፣ ካቻምና መላክ የጀመሩት ስንቶቹ ዘንድሮም እየላኩ እንዳሉ የሚያሳይ ይሆናል። የዶላሩ ድምር ብቻውን ያታልላል፤ የአንድ ጥሬ ምርት ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወደድ ምንም ያልሠራ መሥሪያ ቤት ይሸለማል፣ ሲረክስ ደግሞ የደከመው ይወቀሳል።

ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘሁበት ስብሰባ ላይ የቀረበው ረቂቅ የ14 መሥሪያ ቤቶች አስተባባሪ ኮሚቴ ነበረው፤ ኮሚቴው በየሩብ ዓመቱ እንደሚሰበሰብም ተጽፏል። ዚፕ ሐሙስ ዕለት ጉምሩክ ላይ ቢያዝ አምራቹ ከአሥራ አራቱ ለየትኛው እንደሚደውል ጠየቅሁ። ጥያቄዬ «ገንቢ አስተያየት» ተብሎ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ።