ወደ ባሕር ያለው ጎን

ባለፈው ዓመት የቁጠባ ማኅበራችንን የቦርድ አባላት «የለውጥ አመራር» ሥልጠና ብለው አዳማ ወሰዱን። አሠልጣኙ የልጄ እኩያ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ቤንፎልድ ስለምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ አነሣ። አዛዡ ማይክል አብራሾፍ በ1997 እ.ኤ.አ. መርከቧን ሲረከብ ከ300 የሚበልጡ ባሕረኞቹን አንድ በአንድ እየጠራ አነጋገረ፤ አንዱ «ዝገቱን የሚያመጡት ብሎኖቹ ናቸው፣ በማይዝግ ብረት ይቀየሩ» አለው፤ ተቀየሩ፤ ባሕረኛውም ከቀለም ቅብ ዐረፈ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ቡናዬን አማሰልኩ፤ ስኳር እንኳ አልጨመርኩበትም ነበር።

ባሕረኛ አንድ በአንድ ማነጋገርን እኔም በ1975 ዓ.ም. ምፅዋ ላይ ሞክሬው ነበር። የመርከቧን ስም አልጠራም፤ ያገለገሉባት ያውቋታል። ሌተናንት ነኝ፣ ምክትል አዛዥ፣ 28 ዓመቴ። ለውጥ የሚባለው በዚያ ዘመን የኮሚሳሩ፣ የመርከቧ የፖለቲካ ኃላፊ፣ ሥራ ነው። «ጌታዬ» ቀርቶ «ጓድ» ተብሏል፤ ረቡዕ ረቡዕ ሂስና ግለ ሂስ አለ። ሂሱ ምን እንደሚመስል የነበረበት ያውቀዋል፦ አንዱ ተነሥቶ «ለጥናት ክበቡ በቂ ትኩረት አልሰጠሁም» ይላል፣ ሌላውም ተነሥቶ ያንኑ ይላል፣ ከዚያ ወደ ምሳ። ይህ ውይይት አይደለም ብዬ፣ ልጆቹን በየተራ መርከቧ ላይ ወዳለችው ክፍሌ እጠራ ጀመር። በር ዘግቼ፣ ሻይ አቅርቤ።

ከዴክ፣ ከመርከቧ ወለል፣ ልጆች አንዱ የጎጃም ልጅ ነው፤ ቀይ ባሕርን ሳያይ ባሕር ማለት ለእሱ ጣና ነበር። ሐምሌ ነው፣ የበር እጀታ በጨርቅ ካልያዙት አይነካም። እጁ ዝገት ከመፋቅ ብዛት እንደ ገል ሻክሯል፤ የሻይ ብርጭቆው ላይ የአንቲረስት አሻራ ተወ።

«የሚያስመርርህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምንም የለም፣ ጓድ ሌተናንት።»

«ለእውነት ነው የጠራሁህ።»

ዝም አለ። ከዚያ፦ «ጌታዬ፣ እኛ የምንቀባው አንድ ጎን ነው።» የምሩን ሲናገር ማንም «ጓድ» አይልም ነበር።

«እንዴት አንድ ጎን?»

«ወደ ምድር ያለውን። ወደ ባሕር ያለው ከዐቢይ ጾም ወዲህ ብሩሽ አልነካውም።»

«ለምን?»

«እርስዎ የሚያዩት በዚህ በኩል ነዋ። እንግዳም የሚመጣው በዚሁ ነው። ደግሞ ቀለሙ...»

ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። እውነት አምጣ ብዬ ጠርቼው፣ እውነቱ እኔን ሲነካ «በቃ፣ ገብቶኛል» አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ከዚያ በጀልባ ዞሬ አየሁት። ልጁ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ዝገቱ ከብሎኖቹ ሥር እንደ እንባ እስከ ውኃው ድረስ ወርዷል።

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ረቡዕ ሲደርስ ተነሥቼ ግለ ሂስ አደረግሁ። የምር ግለ ሂስ! «ለዐይን ብቻ ስንሠራ ኖረናል፤ ይህንን ያስተማረኝ አንድ ተራ ባሕረኛ ነው» አልኩ። ስም አልጠራሁም። ግን ዴክ ላይ ዝገት የሚፍቁት ስድስት ናቸው፤ በዚያ ሳምንት ክፍሌ የገባው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ኮሚሳሩ በቀይ ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ፈገግ እንዳለ ነው የጻፈው። በ20 ቀኑ ልጁ ወደ ዳህላክ ለጥበቃ ተዛወረ። «የሠራዊቱን ሞራል የሚነካ ንግግር» የሚል ወረቀት ነበረው። እኔም አነበብኩት፤ በግልባጭ ደርሶኝ ፈርሜበታለሁ። ኮሚሳሩ አሁን የት እንዳለ አውቃለሁ፤ የመናገር ነጻነት የተከበረበት አገር ነው፣ ስለ እሱም ሬዲዮ ላይ ሳይቀር ይናገራል።

ቢያንስ የልጁ ቃል መሬት እንዳይወድቅ ብዬ ወደ ባሕር ያለው ጎን ይቀባ ስል አዘዝኩ። ተቀባ፤ አማረ። በመስከረም ጉብኝት መጣ ሲባል፣ ወደ ምድር ያለው ጎን ዝጎ ቁጭ።

ኖርዌጂያኖች ያሠለጠኑትን ሽማግሌውን ፔቲ ኦፊሰር፣ የባሕረኞቹን የበታች ሹም፣ ጠርቼ ጮኽኩበት። እሱ ቆብ አያወልቅም፣ ድምፅም አያነሣም።

«ጌታዬ» አለኝ፣ «በጃንሆይ ጊዜ ለባሕር ኃይል ቀን አሜሪካኑም ሶቭየቱም እዚሁ ይመጡ ነበር። እንግዳው በባሕርም በምድርም ስለሆነ ቀለሙ ለሁለት ጎን ይመጣል። አሁን የሚመጣው ለአንድ ጎን ነው። ልጁ እኮ ይህንኑ ሊነግርዎ ነበር፤ አላስጨረሱትም አሉ።»

አዳማ ላይ ማሳረጊያው የመልመጃ ወረቀት ነበር። «በሥራ ዘመንዎ ሠራተኛ አዳምጠው የለወጡት ነገር ካለ ይግለጹ» ይላል። «መርከብ አስቀብቻለሁ» ብዬ ሞላሁ። ከአሥር ዘጠኝ ሰጠኝ።