ከቡና ጋር የሚነበብ ታሪክ

ዛሬ እረፍቴ ነበር። ልብስ ላጥብ ብዬ ተነስቼ ስለ አሜሪካዊው ደራሲ አርሚስቴድ ሞፒን ሳነብ ዋልኩ። ልብሱ እንደተከመረ ነው።

ሰውዬው ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ቴልስ ኦፍ ዘ ሲቲ» የተባለውን ልብ ወለዱን በሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ይጽፍ ነበር። አንባቢው ከጠዋት ቡናው ጋር ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤት ይከታተላል። አዘጋጆቹ ደግሞ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎቹ ከሌሎቹ እንዳይበዙ በሰንጠረዥ ይቆጥሩ ነበር አሉ! ጉድ እኮ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ከገጸ ባሕርያቱ የአንዱ፣ የማይክል ደብዳቤ ነው። 1977 ላይ ማይክል ወንድ እንደሚያፈቅር ለእናቱ ጽፎ ይነግራታል። ደብዳቤውን ከጋዜጣው ቆርጠው፣ በማይክል ቦታ የራሳቸውን ስም ተክተው ለገዛ ወላጆቻቸው የላኩ አንባቢዎች ነበሩ። ሞፒን ራሱም ለወላጆቹ የተናገረው በዚያው ደብዳቤ ነው። ወላጆቹ ሰሜን ካሮላይና ሆነው ታሪኩን ይከታተሉ ነበር።

በ1980ዎቹ ደግሞ ሌላው ገጸ ባሕርይ፣ የማህፀን ሐኪሙ ጆን፣ በኤድስ ሞተ። አንዳንዱ አንባቢ ተቆጣ። ጠዋት ዘና የምንልበትን ነገር አበላሸብን ብሎ! እዚህ ጋ እኔም ደሜ ፈላ። የከተማው ወጣት እንደዚያ እያለቀ፣ የጋዜጣው ገጸ ባሕርያት ብቻ በምን ተአምር ይተርፋሉ?