ሙሽሪት ትፈለጋለች

እሑድ ጠዋት ከሙምባይ ወደ ቫዶዳራ በሚወስደኝ ባቡር፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናት ጋዜጣቸውን ማንበብ የጀመሩት ከጋብቻ ማስታወቂያው ገጽ ነው። «ሙሽሪት ትፈለጋለች»፤ ከሥሩ የዘር ሐረግ፣ ቁመት፣ ትምህርት፣ የቆዳዋ ቅላት ሳይቀር ተዘርዝሯል። ለመጨረሻ ልጃቸው ነው። ስሜን ሳይጠይቁ «ቤቲ» አሉኝ፤ በሂንዲ «ልጄ» ማለት ነው። ወግ ማዕረጉን ሳያዩ መሞት አይፈልጉም፤ ይህን የእኛም እናቶች ሲሉት ነው ያደግሁት።

እኔም የማውቀውን አንድ ማስታወቂያ ነገርኳቸው። በ2015 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ፓድማ አይየር የተባሉ የሙምባይ እናት ለልጃቸው ለሃሪሽ ሙሽሪት ሳይሆን ሙሽራ ፈልገው ነበር፤ ከ25 እስከ 40 ዓመት የሆነ፣ ሥጋ የማይበላ፣ እንስሳት የሚወድ። አንዳንድ ጋዜጦች እምቢ ብለዋቸው ሚድ ዴይ አተመላቸው።

እናትየዋ ጋዜጣውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ብዙ ዝም አሉ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር።

«የእህቴ ልጅም እንደዚያው ነው» አሉኝ በመጨረሻ።

«እህትዎ ያውቃሉ?»

«ከሠርጉ በፊት ነግሯታል። አግባ፣ ይተውሃል አለችው።»

ካገባ ሰባት ዓመቱ ነው። ሥራው ዱባይ ነው፤ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለዲዋሊ በዓል። ሚስቱ እንደ አገሩ ልማድ ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ታበስላለች፣ መድኃኒት ታቀርባለች። ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ልጅ የሚጠይቀው እሷን ነው፤ ቤተ መቅደስም ሐኪም ዘንድም የተወሰደችው እሷ ናት። የሚያውቀው ባል ዱባይ፣ የምታውቀው አማት እዚያው ቤት፤ የማታውቀው እሷ ብቻ። ይህን ስሰማ ውስጤ ተቃጠለ። ወጣቱም ያሳዝነኛል፤ እሷ ግን ከሁሉ በላይ።

ስለ ሕጉ አነሳሁባቸው። እንግሊዞች በ1860 በደነገጉት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 377፣ በጎልማሶች ፈቃድ የሚፈጸም የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትም ያስቀጣ ነበር፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ2018 ሻረው። በጥቅምት 2023 ግን ጋብቻቸውን ለማጽደቅ እምቢ ብሎ ጉዳዩን ለፓርላማ ተወው።

«ፍርድ ቤት እኛ ቤት አይገባም» አሉኝ። «እኛ ቤት ያለው ‹ሎግ ክያ ካሄንጌ› ነው።» ሰው ምን ይላል? ማለት ነው። ማንም ባይተረጉምልኝ እንኳ ይገባኝ ነበር።

ባሩች ላይ የናርማዳን ሰፊ ወንዝ ተሻገርን። ቫዶዳራ ስንደርስ ግንባሬን ስመውኝ ተለያየን።

በማግሥቱ በመኪና ወደ ራጅፒፕላ ሄድኩ፤ ድሮ በእንግሊዞች የበላይነት ሥር በራሷ መሳፍንት የምትተዳደር ትንሽ ግዛት የነበረች የጉጅራት ከተማ ናት። የመጣሁት ለልዑል ማንቬንድራ ሲንግ ጎሂል ታሪክ ነው። በ1991 የጃቡዋዋን ልዕልት ቻንድሪካ ኩማሪን አገባ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተፋቱ። ጋብቻ ያድነኛል ብሎ አስቦ ነበር፤ ሕይወቷን እንዳበላሸም በኋላ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። በ2006 ወንድ አፍቃሪ መሆኑን ለጋዜጣ ሲገልጽ ቤተሰቡ ልጃችን አይደለም ብሎ በጋዜጣ አስነገረ፤ የከተማው ሰውም ምስሉን ሠርቶ አቃጠለ። ኋላ ግን ከአባቱ ጋር ታረቀ፤ የወንዝ ዳር ርስቱንም ከየቤታቸው ለተባረሩ መጠጊያ እንዲሆን ሰጠ።

ሲመሽ መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ምስሉ ሲቃጠል እንዳዩ፣ ጭሱ እስከ ገበያው እንደደረሰ፣ ማን ክብሪት እንደጫረ ሳይቀር አጫወቱኝ።

«ሙሽሪትስ?» አልኳቸው።

«ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች» አሉ ሻዩን እየቀዱልኝ።

ስሟን ጠየቅኳቸው። አላስታወሱትም።