ከስቶክሆልም የመጣችው ይርጋጨፌ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ኮዬ ፈጬ፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ከሰል አቀጣጥዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብያለሁ። እህቴ ከስቶክሆልም ሰው አስይዛ ቡና ላከችልኝ፣ አዎ ቡና፣ ለቀባሪ አረዱት አሉ። 250 ግራም የምትሆን ከረጢት ናት፣ ላይዋ ላይ ይርጋጨፌ፣ የታጠበ፣ ጣዕሙ ጃስሚንና ሎሚ ይላል።

ከፈትኳት። ፍሬው ተመሳሳይ፣ መልኩ እንደ ቀረፋ ቀላ ያለ፣ አንድ ስባሪ እንኳን የለውም። እኔ ደሞ ትላንት ማታ ከሱቅ የገዛሁትን አንድ ኪሎ በስልክ መብራት ስለቅም ዓይኔ ጠፋ፣ ጠጠሩ፣ ገለባው፣ ጥቁሩ፣ ትል የበሳው። ጥሩ ጥሩው ለዶላር እንደሚሄድና ለኛ ከኤክስፖርት የወደቀው እንደሚቀር ማንም ያውቃል፣ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ስታዪው ያናድዳል።

ወቀጥኩና በጀበና አፈላሁት፣ ጎረቤቴን እማማንም ጠራሁ። አንዴ ፉት አሉና ስኒውን አዩት። "ልጄ፣ ይሄ ሳይቆላ ነው እንዴ የተወቀጠው?" በሳቅ ሞትኩ። እውነታቸውን ነው፣ ኮምጠጥ ያለ የሎሚ ሻይ ነው የሚመስለው። ጥፋቱ ግን የኔ ሳይሆን አይቀርም፣ እህቴ በወረቀት ማጣሪያ ውሃ አፍስሳበት ነው የምትጠጣው፣ እኔ ጀበና ውስጥ አገንፍዬ አገንፍዬ ጃስሚኑን ጨረስኩት።

እዛ ፊካ የሚሉት ነገር አላቸው፣ ስራ ቆም አድርገው ቡና በቀረፋ ዳቦ። ሁለተኛው ስኒ ፖቶር፣ ሶስተኛው ትሬቶር ይባላል ስትለኝ እንዴ አቦል ቶና በረካ በይዋ አልኳት። ልዩነቱ የነሱ ሶስተኛም እንደ መጀመሪያው ነው፣ የኛ ቡናው እየቀጠነ ወሬው እየወፈረ ነው የሚሄደው።

ቤይሩት 6 ዓመት ስሰራ በየቀኑ ቡና አፍልቻለሁ፣ በራክዌ፣ እጀታዋ ረዘም ባለ በነሱ ትንሽ የቡና ማፍያ፣ እንደ በርበሬ የላመ ዱቄት፣ ሄል ያለበት። ለቅሶ ሲሆን ያለ ስኳር። ከረጢቱ ላይ ብራዚል ይላል፣ የጅማ ልጅ የብራዚል ቡና ስታፈላ አስቡት። ጣዕሙን አልጠላሁትም እውነት ለመናገር። ግን በትሪ አቅርቤ ወደ ኩሽና ነበር የምመለሰው፣ በ6 ዓመት አንዴ እንኳን አብሬ አልተቀመጥኩም።

እማማ ግን አልሄዱም። የለቀምኩትን ራሳቸው ብረት ምጣዱን ተቀብለውኝ ቆሉት፣ ወዙ እስኪወጣ ድረስ፣ ጭሱ ሶስተኛ ፎቅ ወረደና ሁለት ሰው ተጨመረልን። በረካ ላይ ስንደርስ ከረጢቷን አንስተው እያገላበጡ "ይቺንም ደግሜ ልቁላት?" አሉኝ። ኧረ ይቅርብዎት እማማ አልኳቸው፣ ደብቄያታለሁ።